ከባድ ቅዝቃዜ የበረዶ ናዳን ለምን አያስቆምም?

የዋልታ አየር ወደ ደቡብ ወርዶ የአሜሪካን ምዕራባዊ ተራሮች በሚይዝበት ሰሞን ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ጎን ለጎን ይወጣሉ። አንደኛው ስለ ብርዱ ሲሆን የተጋለጠ ቆዳ በአጭር ጊዜ ሊጎዳ እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው ስለ በረዶ ናዳ ሲሆን በተዳፋት ላይ የተከመረው በረዶ ተገምሶ ሊወርድ እንደሚችል ያሳስባል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት መልእክቶች ማስታረቅ ያቅተዋል። በረዶ የሚናደው ሲሞቅ ነው፣ ብርድ ሲበረታበት ግን ይጠነክራል፣ ስለዚህም የከባድ ብርድ ቀናት ለተራራ ጉዞ ይሻላሉ የሚል ግምት በሰፊው ይነገራል።

ግምቱ ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት አያዳግትም። እኛ የምናውቀው ናዳ ከዝናብ ጋር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ብዙ ወገኖቻችንን የቀጠፈው ናዳ የደረሰው ከከባድ ዝናብ በኋላ ነበር። በበረዷማ ተራሮችም ቢሆን ፀሐይ ሲበረታ፣ በረዶው ውኃ ሲጠጣ የሚወርድ እርጥብ ናዳ አለ። ሆኖም በተራራ ተጓዦች ላይ አብዛኛውን ሞት የሚያደርሰው ደረቁ ናዳ ነው። ይህን ናዳ ቅዝቃዜ አያስቆመውም። እንዲያውም ያዘጋጀዋል፣ ዕድሜውን ያራዝመዋል፣ አደጋው ከደረሰም በኋላ የመትረፍን ዕድል ያጠብበዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2021 የታየው

በአሜሪካ በአንድ የብርድ ወቅት ከ25 እስከ 30 የሚደርሱ ሰዎች በበረዶ ናዳ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021 ጸደይ በነበረው ወቅት ግን የሟቾቹ ቁጥር 37 ደረሰ። ከእነዚህ መካከል 15ቱ የሞቱት ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 6 ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ከወቅቱ ጠቅላላ ሟቾች 12ቱ ኮሎራዶ ውስጥ ያለፉ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ሲልቨርተን ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ በእግራቸው ባሰሩት ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ በበረዶ ላይ የሚጓዙ ሦስት የስኪ ተጓዦች በአንድ ናዳ ሞቱ። ከአምስት ቀን በኋላ በዩታ፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ አጠገብ በሚገኘው ሚልክሪክ ካንየን፣ ስምንት ሰዎች በናዳ ተይዘው አራቱ አልተረፉም። ስምንቱ የሁለት የተለያዩ ቡድኖች አባላት ሲሆኑ፣ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስፈልገው መሣሪያ ነበራቸው። የዕለቱ ትንበያም አደጋው ከፍተኛ መሆኑን ገልጾ ነበር።

የእነዚህ ሞቶች ቅርብ ምክንያት በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የወረደው ብዙ በረዶ ነው። ሥረ መሠረቱ ግን ከሁለትና ከሦስት ወራት በፊት የተጣለ ነበር። በወቅቱ መጀመሪያ ጥቂት በረዶ ወረደ፤ ከዚያም ደረቅ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ያለበትና ሌሊቱ የሚበርድ ረጅም ጊዜ ተከተለ። ያ ስስ በረዶ በብርዱ ውስጥ ሳምንታት ቆየ። በዚያ ጊዜ በውስጡ ምን እንደተከናወነ ካልተረዳን፣ የቀሩትን ወራት አደጋ መረዳት አንችልም።

ብርድ በበረዶው ውስጥ የሚሠራው

በተራራ ላይ የሚከመር በረዶ አንድ ወጥ አካል አይደለም። በእያንዳንዱ የበረዶ ማዕበል የወረደው በረዶ የራሱን ንብርብር ይሠራል። የየንብርብሩ ጥንካሬም እንደ ወረደበት ቀን ሙቀትና ነፋስ፣ ከዚያም በኋላ እንደ ገጠመው የአየር ሁኔታ ይለያያል።

መሬት በበጋ የያዘውን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በረዶውም ከላይ ስለሚሸፍነው ከሥር ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጠጋ ነው። ከላይ ያለው አየር ግን ከዜሮ በታች 20 ወይም 30 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በሥርና በላይ መካከል እንዲህ ያለ ሰፊ የሙቀት ልዩነት ሲኖር፣ የውኃ ትነት ከሞቃቱ ክፍል ተነሥቶ በበረዶው ክፍተቶች በኩል ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይጓዛል። በጉዞውም ከአንዱ ቅንጣት ላይ እየተነነ በሌላው ላይ እንደገና ይረጋል። በፍጥነት በሚካሄደው በዚህ ሂደት የሚፈጠሩት ቅንጣቶች ትልልቅና ማዕዘናም ሲሆኑ እርስ በርስ አይተሳሰሩም። ባለሙያዎች ፋሴት ይሏቸዋል፤ ከመሬት አጠገብ ሲፈጠሩና በጣም ሲያድጉ ዴፕዝ ሆር ይባላሉ። በእጅ ሲዘግኗቸው እንደ ስኳር በጣቶች መካከል ይፈስሳሉ። በላያቸው የሚወርደው ከባድ በረዶ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሂደቱ አደገኛ የሚሆነው፣ በባለሙያዎች መለኪያ፣ የሙቀቱ ልዩነት በየ10 ሴንቲሜትሩ ከአንድ ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ነው። ይህ መለኪያ አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ በሁለት ቦታዎች የተለያየ ውጤት ለምን እንደሚያመጣ ያሳያል። አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው እንበል። በኮሎራዶ ተራሮች በወቅቱ መጀመሪያ የበረዶው ጥልቀት 60 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትሩ በአማካይ ከሦስት ዲግሪ ያልፋል። በዋሽንግተን ግዛት የካስኬድ ተራሮች፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ሦስት ሜትር በረዶ ከምሮ ከሆነ፣ በተመሳሳይ ቅዝቃዜ አማካይ ልዩነቱ በየ10 ሴንቲሜትሩ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስስ በረዶና ከባድ ብርድ የተገናኙበት ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ያሰጋል። የኮሎራዶ ተራሮች ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በበረዶ ናዳ ብዙ ሰው የሚሞትባቸው ሊሆኑ የቻሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ብርድ ደካማ ንብርብርን ከመፍጠሩም በላይ ጠብቆ ያቆየዋል። የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተሳስረው የሚጠነክሩት ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ፈጥነው፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ እጅግ ዘግይተው ነው። በለዘብተኛ አየር በጥቂት ቀናት ይረጋጋ የነበረ አዲስ በረዶ በከባድ ቅዝቃዜ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይረጋጋ ይቆያል፤ የፋሴት ንብርብርማ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ደካማ እንደሆነ ይኖራል። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ በበረዶው ገጽ ላይ ላባ የመሰለ ውርጭ ይበቅላል። ሲያዩት ያምራል። በቀጣዩ ማዕበል ሲቀበር ግን ከደካማ ንብርብሮች ሁሉ ክፉው ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ በሰፊው የሚነገረው ግምት ከምንም የተነሣ አይደለም። ቀን በፀሐይ የረጠበ በረዶ ሌሊት ሲበርደው ይጠነክራል፤ በዚህም ምክንያት የጸደይ ተራራ ወጪዎች ከንጋት በፊት ተነሥተው ከቀትር በፊት ይመለሳሉ። ስሕተቱ ይህን በእርጥብ በረዶ ላይ የሚሠራ እውነት ቀልጦ በማያውቅ ደረቅ በረዶ ላይ መተግበር ነው። ደረቁ በረዶ የሚረጥብ ነገር የለውምና ብርዱ የሚያጠነክረው ነገር አያገኝም።

ናዳው እንዴት ይነሣል?

ብዙውን ሰው የሚገድለው ስላብ በመባል የሚታወቀው የንጣፍ ናዳ ነው። የተያያዘ የበረዶ ንጣፍ በደካማ ንብርብር ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሥሩ ያለው ንብርብር በአንድ ነጥብ ሲሰበር ስብራቱ በሰከንዶች ውስጥ በተዳፋቱ ሁሉ ይዛመታል፤ ንጣፉም ተሰባብሮ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ተዳፋት ባላቸው ቦታዎች ሲሆን፣ ይህም የስኪ ተጓዦች በጣም የሚወዱት ዓይነት ተዳፋት ነው።

ለሞት ካበቁ አደጋዎች 90 ከመቶ በሚሆኑት ናዳውን ያስነሣው ራሱ ሟቹ ወይም ከቡድኑ አንዱ መሆኑ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ናዳ ድንገት ከላይ የሚወርድ መዓት ተደርጎ በሚቆጠርበት ሁኔታ ይህ እውነታ አጥብቆ ሊነገር ይገባል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሞት በተጓዡ ምርጫ ሊቀር ይችል እንደነበር ያመለክታል። ደካማው ንብርብር በፋሴት የተሠራ ሲሆን ደግሞ ሰውየው የግድ በተዳፋቱ ላይ መቆም አይኖርበትም። ከታች በሜዳው ላይ ሲሄድ ያስነሣው ስብራት ወደ ላይ ተጉዞ ከራሱ በላይ ያለውን ገደል ሊያወርድበት ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዳንዴ ከእግር ሥር የታፈነ ድምፅ ይሰማል፣ ወይም በበረዶው ገጽ ላይ ስንጥቅ ሲሮጥ ይታያል። ሁለቱም ወዲያው መመለስን የሚያዝዙ ምልክቶች ናቸው።

ትንበያው የሚለውና የማይለው

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የናዳ ትንበያ አምስት ደረጃዎች አሉት፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛና እጅግ ከፍተኛ። ብዙ ሞት የሚመዘገበው በአምስተኛው ወይም በአራተኛው ደረጃ ይመስለን ይሆናል፤ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ግን ሦስተኛው፣ ጉልህ የሚባለው ነው። በአራትና በአምስት ደረጃ ብዙ ሰው ይቀራል፤ ተራራውም በራሱ እየተናደ ያስጠነቅቃል። በሦስተኛው ደረጃ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በረዶው አምሮ፣ ምልክቱ ጥቂት ሆኖ ሳለ አንድ ሰው በተሳሳተው ነጥብ ላይ ቢረግጥ ንጣፉ በሙሉ ይሄዳል። ሦስት ቁጥር የአምስት አጋማሽ ናትና «መጠነኛ» አደጋ ማለት ነው ብሎ ማንበብ ሕይወት ያስከፈለ ንባብ ነው። ከማዕበል በኋላ የሚመጣው ጸጥ ያለ ከባድ ብርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ሁኔታ ይፈጥራል።

ጥፋቱ የጀማሪዎች ነበርን?

ከ2021 አደጋዎች በኋላ ሁለት አስተያየቶች ተፋጠጡ። አንደኛው ምክንያቱን ወደ ኮሮና ወረርሽኝ አዞረው። በማርች 2020 የኮሎራዶ የስኪ ማዕከላት በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጉ፣ በቀጣዩም ወቅት በገደብ ሲሠሩ፣ ብዙ አዲስ ሰው ወደ ባክካንትሪ ወጣ። ባክካንትሪ የሚባለው ከማዕከላቱ ክልል ውጪ ያለ፣ ማንም የማይቆጣጠረውና በፈንጂ አስቀድሞ የማይናድ ተራራማ ስፍራ ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ብዙ ያልሠለጠነ ሰው ብዙ ሞት አስከተለ።

ሁለተኛው አስተያየት በበረዶው ላይ ያተኩራል፤ የዚያ ዓመት የበረዶ መዋቅር በብዙ ዓመታት ካልታዩት ደካሞች አንዱ ስለነበረ፣ ለዓመታት የሠራ ልምድ በዚያ ወቅት አልሠራም ይላል። የማስረጃው ሚዛን ወደዚህኛው ያዘነብላል ብዬ አምናለሁ። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ ተራራውን ለረጅም ጊዜ የሚያውቁ፣ መሣሪያ የያዙና ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ይህም ቢሆን የበረዶው ደካማነት ብቻውን ሰው አይገድልም። ኢያን ማካመን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በርካታ የናዳ አደጋዎችን መርምረው እንዳሳዩት፣ የሠለጠኑ ሰዎችም በለመዱት ስፍራ ሲሆኑ፣ ሌሎች ሲሄዱበት ሲያዩ ወይም ያልተነካ በረዶ ሲያጓጓቸው ጥንቃቄያቸው ይላላል። ከዓመት ዓመት ያልተናደ ተዳፋት ዘንድሮም አይናድም የሚለው እምነት ልምድ ካለው ሰው ይልቅ ሌላ ማን ሊይዘው ይችላል?

ሕግ ጣልቃ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክርም አለ። ማርች 25 ቀን 2020 በኮሎራዶ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ በላይ፣ በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱ ሁለት የስኖውቦርድ ተጓዦች ያስነሡት ናዳ አንድ የአገልግሎት መንገድ በመቅበሩ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቶባቸዋል። ደጋፊዎች ከታች ላሉ ሰዎች ሕይወት ተጠያቂነት ሊኖር ይገባል አሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ተጓዦች ክስ ከፈሩ ያዩትንና ያስነሡትን ናዳ ለትንበያ ማዕከሉ መንገር ይተዋሉ ብለው ሠጉ። ትንበያው በተጓዦች ሪፖርት ላይ ምን ያህል እንደሚደገፍ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ሥጋት ቀላል አይደለም።

ከተቀበሩ በኋላ

ሙሉ በሙሉ በናዳ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ወደ 90 ከመቶ ይጠጋል። ግማሽ ሰዓት ካለፈው ዕድሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። አብዛኛው ተቀባሪ የሚሞተው በመታፈን ነው፤ ከአራት አንድ የሚሆነው ደግሞ ከዛፍና ከዓለት ጋር በመጋጨት። የነፍስ አድን ቡድን ከከተማ ተነሥቶ በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስም። አዳኙ አብሮ የሄደው ሰው ነው።

ለዚህም እያንዳንዱ ተጓዥ ሦስት ነገሮች ሊይዝ ይገባል፦ ቢከን የሚባለውን በ457 ኪሎኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል የመፈለጊያ ሬዲዮ፣ የሚዘረጋ መፈተሻ ዘንግና አካፋ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ብዙም አይረዱም። በትከሻ የሚያዝ የአየር ከረጢት ሞትን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከዛፍና ከገደል ግን አያድንም።

ከባድ ብርድ ይህን ሁሉ ያከብደዋል። የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎሜትር ቢነፍስ፣ በቆዳ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ነው፤ የተጋለጠ ቆዳም በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ዊንድ ቺል የሚባለው መለኪያ ነው። ዘንግ ለመገጣጠም ጓንት ያወለቀ ሰው ጣቶቹ ወዲያው ይደነዝዛሉ። የስልክ ባትሪ በብርድ ፈጥኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ስልኩ ከውስጥ ልብስ አጠገብ ይያዝ፣ ነገር ግን የሬዲዮውን ምልክት እንዳያውክ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ፍለጋ ሲጀመር ደግሞ ይጥፋ። ከናዳው በሕይወት የወጣውም ቢሆን፣ በመደበኛ ቀን የማይገድለው የእግር ስብራት በዚህ ብርድ ሊገድለው ይችላል፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሃይፖተርሚያ ውስጥ ገብቷልና። በከባድ ብርድ የሚወጣ ቡድን መጠባበቂያ ልብስና ከበረዶው የሚለይ ምንጣፍ ሳይዝ መሄድ የለበትም።

በመኪና መንገድ ላይ

ስኪ የማይነካ ሰውም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለም። በዴንቨርና በኦሮራ፣ እንዲሁም በሲያትል አካባቢ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚተዳደሩ አሉ፤ ኢንተርስቴት 70ና ኢንተርስቴት 90 ደግሞ በተራሮች መካከል ያልፋሉ። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በስቲቨንስ ፓስ አቅራቢያ በዌሊንግተን፣ ማርች 1 ቀን 1910 የወረደ ናዳ ሁለት የቆሙ ባቡሮችን ጠርጎ 96 ሰው ገድሏል፤ በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ የከፋ የበረዶ ናዳ የለም።

ዛሬ የመንገድ ባለሥልጣናት ዋና ዋናዎቹን መንገዶች እየዘጉ ናዳውን በፈንጂ አስቀድመው ያወርዳሉ። ኮሎራዶ ውስጥ በመንገዶች ላይ የሚወርዱ ብዙ የናዳ መስመሮች በክትትል ሥር ናቸው። አደገኛ ጭነት የያዘ መኪና በአይዘንሃወር ዋሻ ማለፍ በመደበኛ ሁኔታ ስለማይፈቀድለት በላቭላንድ ፓስ መዞር አለበት፤ በዚያ መንገድ ላይ ሰባቱ እኅትማማቾች የተባሉ የታወቁ የናዳ መስመሮች አሉ። የናዳ ቀጣና መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ባለበት ሰንሰለት ለማሰርም ሆነ ለማረፍ መቆም አይገባም። ዋናው መንገድ ሲዘጋ የስልክ ካርታ በሚያሳየው ትንሽ የተራራ መንገድ መታጠፍ ደግሞ ከመጠበቅ ይልቅ እጅግ የከፋ ምርጫ ነው፤ ያ መንገድ ክትትል ላይኖረው ይችላልና። በበረዶ ውስጥ ተይዞ ሞተር እያስነሣ የሚሞቅ ሰው የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ደጋግሞ ይመልከት፤ ከተደፈነ መርዛማው ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል።

ብርዱ ካለፈ በኋላ

የብርድ ማስጠንቀቂያው ሲነሣ የናዳው አብሮ አይነሣም። ሙቀቱ በፍጥነት ሲጨምር፣ ወይም አዲስ ማዕበል በተዳከመው በረዶ ላይ ሌላ ክብደት ሲጭን፣ አደጋው ከብርዱ ቀናት ይበልጥ ሊብስ ይችላል። ከዚያም ወራት ካለፉ በኋላ፣ በኖቬምበር የተፈጠረ የፋሴት ንብርብር በማርች ናዳ ሊያስነሣ ይችላል። የኮሎራዶ፣ የዩታና የሰሜን ምዕራብ የናዳ ትንበያ ማዕከላት በየዕለቱ ከደረጃው ቁጥር ጋር የችግሩን ዓይነት ይጽፋሉ። በዚያ ላይ ጸንቶ የሚቆይ ንጣፍ የሚለው ዓይነት፣ በማዕከላቱ አጠራር ፐርሲስተንት ስላብ፣ ከተጠቀሰ፣ ቁጥሩ ሁለት ቢሆንም እንኳ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ተዳፋት ላይ መቆየት፣ ከበላይም ከዚያ የሚበልጥ ገደል አለመኖሩን በካርታ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።